ጠላውን ያበላሸው እጃቸው አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር የምትኖር የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ለበዓል ጠላ ጠምቄ ነበር። ጌሾው ከአገር ቤት የመጣ ነው፣ ብቅሉም ደህና ነው። ግን ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። ምን አጥፍቼ ነው?»

ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ጂንካ ጎረቤቴ ጠይቀውኝ ነበርና። ጠላ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። «መምህር፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ጠላዬን ገደለው። መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ደንበኞቼም ሸሹ» አሉኝ። እኔ የኬሚስትሪ መምህሩ ምን አልኩ? «ውሃ ውሃ ነው እትዬ፤ ምናልባት ጋኑ በደንብ አልታጠበ ይሆናል።» ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው ጀሪካን ይዘው ወደ ኔሪ ወንዝ ሲወርዱ አይ ነበር።

እትዬ ትክክል ነበሩ። ለቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ጋኑን በወይራ ስናጥን ደግሞ ከጭሱ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ወደ ጠላው ይገባሉ። ክሎሪንና ፌኖል ሲገናኙ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል። ይሄን ነገር እጅግ በጥቂቱ እንኳ ምላስ ያውቀዋል፤ ጠረኑም የመድኃኒት ነው። ውሃውን ለብቻው ስትጠጡት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ ጠላ ውስጥ ሲገባ ግን ያሳብቃል።

ታዲያ ወደ ወንዝ እንመለስ? በፍጹም! ድፍድፍ የሚቀጥነው፣ ቦርዴም የሚበጠበጠው ብዙ ጊዜ ባልፈላ ውሃ ነው። ወንዙ የያዘውን ጠጪው ይጠጣዋል። ትንሽ አልኮልና ኮምጣጣነት ጀርሙን ሁሉ ይገድለዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። አተት የገባበትን ሰፈር ያየ ያውቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቧንቧውን ውሃ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቀድቶ፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍኖ ማሳደር ነው፤ ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል። የቸኮለ ሰው ለ15 ደቂቃ ያህል አፍልቶ ያቀዝቅዘው። ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ግን ውሃውን የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚህ በማግስቱ ይጠመቅበት፣ በቆሸሸ ጣሳም አይጨለፍ። ለተማሪዬ ማሳደሩ ላይበቃት ይችላል፤ ውጭ ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ነው፣ እሱ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። እዚያ ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ካምደን የሚባል ክኒን ይጨምራሉ፤ አንዷ ለ75 ሊትር ገደማ ትበቃለች።

የማዕድኑም ጉዳይ አለ። የጉድጓድ ውሃ ከአለት ጋር ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ የመጣ ነው። ባይካርቦኔት የአሲድን ኃይል ይሰብራል፤ የብቅሉ ኢንዛይም ደግሞ ስታርችን ወደ ስኳር ለመቀየር መጠነኛ አሲድ ይወዳል፣ ፒኤች ከ5.2 እስከ 5.6 አካባቢ። በደንብ የተቆላ እህል አሲድ ስለሚጨምር ጠቆር ያለ ጠላ እንዲህ ያለውን ውሃ ይችለዋል። ባይካርቦኔት የበዛበት የደብሊን ውሃ ለጥቁር ቢራ፣ ለስላሳው የፒልዘን ውሃ ደግሞ ለፈካው ቢራ የተስማማው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችን «የዚህ ምንጭ ውሃ ለጠላ ይሆናል፣ የዚያ አይሆንም» ሲሉ ፒኤች ሳይለኩ ይህንኑ እየነገሩን ነበር።

ውሃው ከከበደባችሁ አፍሉት፣ እንዲጠልል ተዉት፣ ነጩን ዝቃጭ ትታችሁ ከላይ ቅዱ። ኢንተርኔት ላይ «ጅፕሰም ጨምሩ» የሚል አይታችሁ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀሶ እንዳትገዙ፣ አደራ! በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚገኘው ፍሎራይድ ደግሞ በማፍላት አይወጣም፤ ጭራሽ ይጠነክራል። ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ለጠላም ለሕፃንም አይሆንም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ክሎሪን ጨምሩ ብሎ ያዘዘ አካል፣ ጠላና ቦርዴ እንዴት እንደሚጠመቅበትም አብሮ ይንገር። ሴቶቹ ጣዕሙ ተበላሸ ሲሉ «ካለማወቅ ነው» ብለን ካለፍናቸው ለእንጀራቸው ሲሉ ወንዙን ይመርጣሉ፤ ጥፋቱም የኛ ነው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ቤተ ሙከራም አለን። ከጂንካ እስከ ዲመካና ቱርሚ ያለው ውሃ ይለካ፣ ውጤቱም ሰው በሚገባው ቋንቋ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። እናንተ መምህር የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ስለ ውሃ ክብደት ስታስተምሩ ማንቆርቆሪያ ይዛችሁ ግቡ። እኔ ስንት ዓመት ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ብቻ ጻፍኩት!

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እትዬ ቤት ጎራ ብዬ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ለናንተ ጻፍኩት። ጠላ የሚጠምቅ ዘመድ ያላችሁ አንብቡላቸው።