የጠቆረ ዘይት ለሳሙና እንጂ ለሆድ አይሆንም

ጎጃም የኑግ አገር ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ቅባት ለጤና ቢበጅም፥ ደጋግሞ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል። በደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ግን፥ የኑግ ይሁን ሌላ፥ ሳምቡሳና ድንች የሚጠበስበት ዘይት እስኪጠቁር ሲመላለስ እናያለን።

ከዚህ የተበላሸ ቅባት ከፊሉ ወደ ደማችን ይገባል። ቅባት በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥም ይበላሻልና ጥፋቱ ሁሉ የመጥበሻው አይደለም። ማክሮፋጅ የተባሉት የሰውነት ዘቦች የተበላሸውን ቅባት እየዋጡ አረፋ መስለው በዚያው ይቀራሉ፤ ሌሎች ዘቦችንም ለጠብ ይጠራሉ። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ያበጠው ግድግዳ ሲቀደድ ደም ይረጋል፤ ልብ ወይም አንጎል ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የካናኪኑማብ መድኃኒት ሙከራ፥ ኮሌስትሮል ሳይቀንስ ብግነት ብቻ ቢበርድ አደጋው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

«ዘይት ተወዷል» የምትለው ጠባሽ እውነቷን ነው፤ እንጀራዋ ነውና አንፈርድባትም። ነገር ግን ያገለገለ ዘይት ሳሙና ይሆናል። ማኅበራችን ዘይቱን ከእርሷ ገዝቶ ሳሙና ያሠራ! ስለ ሕዝብ ጤና የምንናገር ሁሉ ከበራችን እንጀምር።