የካንሰር ታማሚው ኪሎ የት ገባ?

ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከሻሸመኔ ለኬሞቴራፒ የሚመጣ ታማሚ ሀዋሳ መናኸሪያ ይወርዳል። ሱሪው ወገቡ ላይ ተሰብስቧል፤ ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። «ምነው እንዲህ ከሳህ?» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ስንት ኪሎ እንደቀነሰ የሚያውቅለት ግን ጥቂት ነው፤ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆች ባሉበት ከተማ!

መክሳት የካንሰር ዕጣ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም እንላለን። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይፈልጉት በ6 ወር ከ5 በመቶ በላይ መክሳትን ካንሰር የሚያስከትለው የሰውነት መመንመን አንድ መለያ አድርጎ ወስዷል። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ ከ3 ኪሎ በላይ ነው፤ በዓይን ላይታይ ይችላል።

የኬሞቴራፒ መጠን በአብዛኛው የሚሰላው በቁመትና በክብደት ስለሆነ ታማሚው መመዘኑ አይቀርም። ቁጥሩ ግን ለመድኃኒት ስሌት ብቻ አገልግሎ መቅረት የለበትም። ካለፈው ዙር ጋር ይነጻጸር፤ ከቀነሰም «ለምን?» ይባል። አፉ ቆስሎ፣ አቅለሽልሾት፣ ሆዱ ደርቆ ወይም ሕመሙ አላስበላ ብሎት ከሆነ ሊታከም ይችላል። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲሆን ደግሞ ሰውየው እየራበው መዋጥ ያቅተዋል፤ እሱን «ብላ» ማለት ምን ይፈይዳል?

ቤተሰብም ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። በሽታው ራሱ ጡንቻን ስለሚያመነምን ምግብ ብቻውን የሄደውን ሁሉ አይመልስም፤ ስለዚህ በግድ ማጉረሱና ማኩረፉ ይቅር። የቡላ ገንፎ ለታማሚ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እዚህ ግባ አይባልም። የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1 ግራም፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። በወተት ይሠራ፣ እንቁላል ይታከልበት፣ ከሀዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ይምጣ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። «አትድከም፣ ተኛ» የሚለውም ደግነት ጡንቻውን ይጎዳል፤ አቅሙ የፈቀደለት በግቢው ውስጥ ይራመድ።

የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች በቀጠሮ ካርዱ ላይ የዛሬውንና ያለፈውን ኪሎ ጎን ለጎን ለመጻፍ በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ለካንሰር ክፍላቸው የሥነ ምግብ ባለሙያ መመደብ ግን በጀት ይጠይቃል፤ በመጪው ዓመት ዕቅዳቸው ሊይዙት ይገባል።