ክሩ የሚታይ ሐሰት

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን የከተማው ሕዝብ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ሥጋ የሌለው ሰው በሸራ ላይ ሲራመድ ያየ ሁሉ፣ ይህ ነገር ከርኩስ መንፈስ በቀር ከማን ሊመጣ ይችላል ብሎ ቢጠረጥር የሚያስደንቅ አልነበረም። ዛሬ ሲኒማን በጅምላ የሚያወግዝ የተማረ ካህን ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ያ የቀድሞ ፍርድ ወደ አንድ ዓይነት ፊልም ተዛወረ እንጂ ፈጽሞ አልተሻረም። ይኸውም ሙታን ከመቃብር ሲነሡ፣ ደም መጣጭ ጥቍር ካባ ደርቦ ሲዞር የሚታይበት፣ ነገር ግን ተመልካቹ በመንቀጥቀጥ ፈንታ በሳቅ የሚንከተከትበት፣ አስፈሪም አስቂኝም የሆነው ፊልም ነው።

ስለዚህ ዓይነት ፊልም ሁለት ወገኖች ሁለት ፍርድ ይሰጣሉ። አንደኞቹ ጥብቅ መምህራን ናቸው፤ በአጋንንት መጫወት አጋንንትን መጥራት ነው፣ በሞት መሳቅም ትንሣኤን ማቃለል ነው ይላሉ። ሁለተኞቹ ራሳቸውን ዐዋቂ ያደረጉ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ይህ የማይረቡ ሰዎች የማይረባ ሥራ ነው፣ ዋጋውም መዘባበቻ መሆን ብቻ ነው ይላሉ። ፊተኞቹ ፊልሙን ከሚገባው በላይ ይፈሩታል፤ ኋለኞቹ የሠራውን ሰው ከሚገባው በታች ያወርዱታል። ሁለቱም ወገኖች ሕዝቡ ይህን ነገር ስለ ምን እንደሚወደው ሳይጠይቁ ስለ ፈረዱ፣ ፍርዳቸው ምስክር ሳይሰማ የተቈረጠ ፍርድ ነው።

ለምስክርነት የሚበቃ አንድ ፊልም አለ። በ1956 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኤድ ዉድ የሚባል አሜሪካዊ በሆሊዉድ በጥቂት ገንዘብ አንድ ፊልም አነሣ፤ በ1957ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ስሙ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ነው፤ ከጠፈር የመጣ ዘጠነኛው ዕቅድ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሰው ልጅ የፀሐይን ብርሃን አፈንድቶ ፍጥረትን ሁሉ የሚያጠፋ መሣሪያ ለመሥራት ተቃርቧል፤ ይህን ያዩ የሌላ ዓለም ፍጥረቶችም ወደ ምድር ወርደው፣ ሰዎች ይሰሟቸው ዘንድ ሙታንን ከመቃብር ያስነሣሉ። ሐሳቡ ከባድ ነው፤ አሠራሩ ግን የድኻ ነበር። በራሪው ሳሕን የተንጠለጠለበት ክር ይታያል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ሰው ሲነካው ይወዛወዛል፤ የአውሮፕላኑ ነጂዎች የተቀመጡበት ስፍራ መጋረጃ የተሰቀለበት ባዶ ክፍል ነው፤ በአንድ ሩጫ መካከልም ቀኑ ሌሊት ይሆናል፣ ሌሊቱም ተመልሶ ቀን ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ያህል ጉድለት ያለበት ሥራ ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው እየሰበሰበ ሲያስቅ የኖረው ስለ ምንድር ነው? በዚያው ዘመን ብዙ ወርቅ ፈሶባቸው የተሠሩ፣ ዛሬ ግን ስማቸውን የሚያነሣ የሌላቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ በዚያ በሚታየው ክር ላይ ይገኛል። ተመልካቹ ክሩን ባየ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ያያል፤ የሚያስፈራውን ነገርና የሚያስፈራውን ነገር የሠራውን እጅ። ሞትና የዓለም ጥፋት በሸራው ላይ አሉ፤ ከበስተኋላቸው ግን ገንዘብ ያጠረው፣ ምኞቱ የተረፈው አንድ ሰው ክር ይዞ ቆሟል። የዚያን ጊዜ ፍርሀት ይላላል። ሕፃን በሌሊት ጭራቅ የመሰለው ነገር በምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጋቢ መሆኑ በተገለጠለት ጊዜ እንደሚስቅ፣ ያ ተመልካችም እንዲሁ ይስቃል። የአቶሚክ ቦምብ ሥጋት በዓለም ላይ በከበደበት ዘመን የተወለደ ሰው ይህን ሳቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ሞትን መካድ ሳይሆን ከሞት ፍርሀት ጥቂት ማረፍ ነውና።

ለጥብቆቹ መምህራን የሚሆነው መልስ ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሠዓልያን በቀደመው ልማድ ቅዱሳንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ግን በአንድ ዓይን ከጐን ይሥሉ ነበር። ሰይጣንም በቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር ተረግጦ ይሣላል። ሠዓሊው ሰይጣንን ስለ ሣለ ሰይጣንን ጠራው የሚል ማንም የለም፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሕፃንም ያን የተረገጠ ፍጥረት በጣቱ እያመለከተ ቢስቅ የሚቈጣው የለም። ሰይጣን የሚያስፈራው ቀንዱ በሚታይበት ጊዜ ሳይሆን የብርሃን መልአክ መስሎ በሚመጣበት ጊዜ መሆኑን ያስተማሩት ራሳቸው መምህራኑ ናቸው። ታዲያ ክሩ የሚታይ ፊልም የትኛውን ይመስላል?

ይህ ሲባል እንዲህ ያለው ፊልም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ደምን እያበዛ ልብን የሚያደነድን አለ፤ ነውርን በሳቅ ሸፍኖ የሚያሳልፍም አለ፤ ለሕፃናት ዓይን የማይገባው ብዙ ነው። እረኛ መልካሙን ሣር ከመርዘኛው ሊለይ ይገባዋል። ነገር ግን መስኩን ሳያይ በሩቅ ሆኖ «ሁሉም መርዝ ነው» የሚል እረኛ መንጋውን ከመርዝ አያድንም፤ መንጋው ቃሉን እንዳይሰማ ያስለምደዋል እንጂ።

ከዚህም የሚከብድ ነገር በዚሁ በአንዱ ፊልም ታሪክ ውስጥ አለ፤ ካህናት ሊያነቡት የሚገባውም ይህ ነው። ለፊልሙ ገንዘብ የሰጡት በካሊፎርኒያ የነበሩ የባፕቲስት ማኅበር ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ትርፍ ቢያመጣ በትርፉ መንፈሳዊ ፊልሞች ለማሠራት አስበው ነበር። የፊልሙ የመጀመሪያ ስም «ከጠፈር የመጡ መቃብር ዘራፊዎች» የሚል ስለ ነበረ፣ መቃብር መዝረፍ የሚለው ቃል ለክርስቲያን ጆሮ ነውር ነው ብለው አስለወጡት። ከገንዘቡም ጋራ ሌላ ውል መጣ፤ ኤድ ዉድና ከባልንጀሮቹ አንዳንዶቹ በዚያ ማኅበር ሥርዓት እንዲጠመቁ ተጠየቁ። እነርሱም ፊልሙ እንዲሠራ ብለው ተጠመቁ።

አንባቢ ይህን ነገር ቆም ብሎ ይመዝነው። በእነዚያ ሰዎች ሚዛን ላይ «መቃብር ዘራፊዎች» የሚለው ቃል ከበደ፤ ምሥጢረ ጥምቀትን ለፊልም ገንዘብ መያዣ ማድረግ ግን ቀለለ። ሲሞን መሠሪ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በወደደ ጊዜ ሐዋርያው ጴጥሮስ ገንዘቡን ከነሰውየው ገሠጸው፤ በዚህ ግን የሸጡት የቤቱ ሰዎች ነበሩ፤ የገዛውም ድኻ የፊልም ሠሪ ነበረ። ከማኅበሩ ወገን ሁለት ሰዎች ራሳቸው መቃብር ቈፋሪዎች ሆነው በፊልሙ ውስጥ ታይተዋል። ተመልካቹ በካርቶን መቃብር ይስቃል፤ ካርቶኑ ካርቶን እንደ ሆነ የሚያይ ሁሉ ያያልና ማንንም አላሳተም። በዚያ ውኃ ላይ የተደረገው ሐሰት ግን ክሩ አልታየም። መምህራን ቍጣ ካላቸው፣ ቍጣቸው ከሁለቱ በየትኛው ላይ ሊወርድ ይገባ ነበር?

ለዘባቾቹም ደግሞ የሚነገር አለ። በዚያ ፊልም ጥቍር ካባ ደርቦ የሚታየው ቤላ ሉጎሲ ነው፤ በ1931 በወጣው «ድራኩላ» በሚባለው ፊልም ስሙ በዓለም የታወቀ ተጫዋች ነበረ። በኋላ ሥራ አጣ፤ የሞርፊንም ሱስ አሠረው፤ በ1955 ራሱ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ እንዲያክሙት ለመነ። ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ፊታቸውን ባዞሩበት ጊዜ ሥራ ይሰጠው የነበረው ይኸው የሚዘበትበት ኤድ ዉድ ነው። ሉጎሲ በ1956 ሞተ፤ በድራኩላ ካባም ተገንዞ ተቀበረ። ዉድ ከሉጎሲ ሞት በፊት ያነሣውን የጥቂት ደቂቃ ሥዕል በዚህ ፊልም ውስጥ አገባው፤ የቀረውንም የሚስቱን ጀርባ ያክም የነበረ ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ ሞላው። ሰውየው ከሉጎሲ ይረዝማል፤ በመልክም አይመስለውም። ሲያዩት ያስቃል። ነገር ግን ያ ካባ የሸፈነው የሞተ ወዳጅ የተወውን ባዶ ስፍራ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ሳቁ እንደ ቀድሞው አይሆንለትም።

ዉድ በ1978 በ54 ዓመቱ ሞተ፤ የቤት ኪራይ ባለመክፈሉ ከቤቱ በተባረረ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በወዳጁ ቤት ነው ያረፈው። በ1980 ሁለት ወንድማማች ጸሐፊዎች ባወጡት መጽሐፍ፣ አንባቢዎች በሰጡት ድምፅ፣ ይህ ሥራው «በዘመናት ሁሉ የከፋ ፊልም» ተባለ፤ እርሱም የአዘጋጆች ሁሉ የመጨረሻ ተባለ። ሙት መልስ አይሰጥምና ስድቡ ቀላል ነበር። ነገር ግን ስድቡ ያላሰበውን ሥራ ሠራ፤ ሊዘብት የመጣ ሰው ብዙው ወድዶት ተመለሰ። በ1994 ቲም በርተን የዉድን ሕይወት በፊልም አሳየ፤ ሉጎሲን የተጫወተው ማርቲን ላንዶም ስለዚሁ ሥራው የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሕዝቡ ወዳጅነቱን የሚገልጥበት መንገድም መታየት ያለበት ነው። በ1975 የወጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የሚባለው ፊልም በመጀመሪያ ተመልካች አጥቶ ነበር፤ በ1976 በኒው ዮርክ በእኩለ ሌሊት መታየት በጀመረ ጊዜ ግን ሰዎች ደጋግመው እየመጡ ቃሉን በቃላቸው ያዙት፤ ተጫዋቾቹን መስለው ለበሱ፤ ሸራው ሲናገር በጩኸት መለሱ፤ ሠርግ ሲታይም ሩዝ በተኑ። በፊልሙ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የማታመሰግነው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ወደዚያ ከመጡት ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ ሁሉ ባይተዋር የሆኑ፣ ስማቸውን ጠርቶ «ና፣ ተቀመጥ» የሚላቸው ያጡ ወጣቶች ነበሩ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲቀበል፣ እንግዳ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ባልንጀራ ሆነ። ተቀባይ ባለበት ዜማ ያደገ ካህን የዚህን ኀይል ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እንግዲህ ወጣቱ ስለ ምን ወደዚያ ሄደ ብሎ ከመገሠጹ በፊት፣ ወዲህ በመጣ ጊዜ ማን ተቀበለው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህ ወዳጅነት ደግሞ በሐሰት ሊገዛ እንደማይችል የሚያሳይ ምልክት አለ። ሱዛን ሶንታግ «ካምፕ» ስለሚባለው፣ ጌጡና ማስመሰሉ ከልክ ስላለፈ ሥራ በ1964 በጻፈችው ድርሰት፣ ሠሪው ሳያውቅ የሚያስቀውን ለማሳቅ ታስቦ ከተሠራው ለይታ፣ እውነተኛው ሳይታወቅ የሚሆነው ነው ብላለች። ይህም በኋላ ታየ። በ2013 ዐውሎ ነፋስ ሻርክ የሚባለውን ዓሣ ከባሕር አንሥቶ በከተማ ላይ የሚያዘንብበት «ሻርክኔዶ» የሚባል የቴሌቪዥን ፊልም ወጣ፤ እስከ 2018 ድረስም አምስት ተከታዮች ተጨመሩለት። እነዚህ አስቀድሞ ታስቦ የተበላሹ ናቸው፤ ክሩ የሚታየው ነጋዴው ክር እንደሚሸጥ ስላወቀ ነው። ሰው ለአንድ ምሽት ይስቃል፤ ከክሩ በስተኋላ ግን ያን ምኞቱ የተረፈውን ሰው ፈልጎ አያገኘውም። አወዳደቁ እውነተኛ የሆነ ሰው ያሳዝናልም ያስቃልም፤ ገንዘብ ተከፍሎት የሚወድቅ ግን ማንም እጁን አይዘረጋለትም።

ስለዚህ የእነዚህ ፊልሞች ማራኪነት በአጋንንትም ፍቅር አይደለም፣ በሰነፍ ሳቅም አይደለም። ሰው ፍርሀቱን ከነክሩ አይቶ ስለሚያርፍ፣ ከክሩም በስተኋላ እንደ ራሱ የጐደለ ሰው ስላገኘ ነው። በዚያ ሰው ጉድለት ከርኅራኄ ጋራ የሚስቅ አልበደለም፤ ሳቁ ንቀት የሆነበት ግን በራሱ ላይ ሳቀ። ክሩ የሚታይ ሐሰት ማንንም አይዝም፤ የሚይዘው የተሸሸገው ነው። የካርቶን መቃብር አይቶ የሚቈጣ መምህር ቢኖር፣ ከመቈጣቱ በፊት ያን በገንዘብ ውል የተደረገ ጥምቀት ያስብ፤ ከዚያም ወደ ራሱ ቤት ተመልሶ የማይታየውን ክር ይፈልግ።