«ምን ይረባል?» አንበል

የልጅ ልጄ ክሊንጎን የሚባል ቋንቋ ይማራል። የእኔ የሚለው አገር የለውም፤ አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ማርክ ኦክራንድ ለ«ስታር ትሬክ» ፊልም የፈጠሩት ነው። መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል።

ቃል የሚሠራው ከኋላ በመቀጠል ነው። «ጎጅ» መማር ማለት ነው፤ «ሞኽ» ሲቀጠልበት «ጎጅሞኽ»፣ ማስተማር፤ «ዊእ» ሲጨመርበት ደግሞ «ጎጅሞኽዊእ»፣ አስተማሪ።

ይህን ሲያስረዳኝ «የእኛስ?» አልኩት። ተማረ፣ አስተማረ፣ አስተማሪ። የእኛ «አስ» ከፊት ይመጣል እንጂ ሥራው ያው ነው። «አማርኛ ይከብደኛል» ይል የነበረው ልጅ ጻፈ፣ አስጻፈ፣ አስጻፊ እያለ ቀጠለ።

አያቶች ሆይ፣ ልጆች እንግዳ ነገር ይዘው ሲመጡ «ምን ይረባል?» አንበል። «እስቲ አስረዳኝ» ብንል የራሳችንን ቋንቋ የምናወርስበትን በር እዚያው እናገኛለን።