ዘመን ያልተቈረጠለት ግዞት

የእንግሊዝ መንግሥት በአውሮፓ ቍጥር ከ1788 ዓመት እስከ 1868 ዓመት ድረስ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወንዶችንና ሴቶችን በመርከብ እያጋዘ ወደ አውስትራልያ ሰደደ። ከነዚህ የሚበዙት በስርቆት የተፈረደባቸው ድኾች ነበሩ። መጀመሪያ የሄዱት መርከቦች በጕዞ ላይ ስምንት ወር ቈይተዋል። ቅጣቱም ሰባት ዓመት፥ ዐሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበረ፤ የሚበዛው ግን ሰባት ነው። ሚስቱን ትቶ የተጋዘው ሌባ ዘመኑ የሚፈጸምበትን ቀን ዐውቆ ይሄዳል፤ የመመለሻውን የመርከብ ዋጋ ማግኘት ግን የራሱ ጕዳይ ስለ ነበረ፥ ብዙዎቹ በዚያው ቀርተዋል።

ይህን ስናነብ ያስታወስነው አንድ የአገራችንን ቤተ ሰብ ነው። መሰላ የምትገኝበትን የጨርጨርን አገር ያስተዳደሩትና አሰበ ተፈሪን የቈረቈሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያዘጋጁ፥ በጄኔቭም በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ ተሰደው በመጨረሻ ማዳጋስካር ገቡ። ኋላ ደጃዝማች የተባሉት ልጃቸው ግርማቸው ግን በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። አባት በባሕር ማዶ ደሴት፥ ልጅ በጠላት አገር ሆነው ተለያዩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ መኳንንቱ፥ አንዳንዶቹም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፥ በመቶ እየተቈጠሩ ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ብዙዎቹ በሰርዴንያ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋራ ተጋዙ፤ አገራቸውንም ሳያዩ በ1933 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ ዐረፉ። ወደ ሱማሌ፥ ወደ ዳናኔ የተጋዙትን ደግሞ የባሰ አገኛቸው፤ ሚካኤል ተሰማ የተባሉ እስረኛ፥ በዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ በረኃብ፥ በመጥፎ ውሃና በበሽታ እንደ ሞቱ መስክረዋል።

እነዚህ ሁሉ ከዳኛ ፊት አልቀረቡም፤ ዘመንም አልተቈረጠላቸውም። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ ነው። የእንግሊዙ ሌባ ሚስት እንኳ ዓመቱን በጣቷ ትቈጥር ነበር። በአገራችን እቤት የቀረችው እናት ግን ስንት ፋሲካ እንደምትጠብቅ ምን ብላ ትቍጠር? ሕፃኑ «አባባ መቼ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቃትስ ምን ትመልስለት?

ግርማቸው ሰባት ዓመት ያህል ታስረው ተመለሱ። ቍጥሩ ከሌባው ቅጣት ጋራ መግጠሙ ያስደንቃል። በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ አባታቸው ገና በማዳጋስካር ነበሩ፤ አገራቸው የገቡትም በ1940ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ነው።