ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ



በብዙዎቻችን ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ካቴናው ዝጎ የቆመ አንድ ሳይክል አይጠፋም። ባለቤቱ አርጅቷል፣ ወይም ጉልበቱን ያመዋል። «ለቆራሌው እንስጠው» ይባላል፤ ግን ማንም አይጨክንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ለመኪና አቅም የሌለን ደግሞ ብዙ ነን። ዛሬ የማወጋችሁ ያንን ጓሮ የቆመ ሳይክል በመጠነኛ ወጪ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞ ወደ መንገድ ስለ መመለስ ነው።

ነገሩን ያወቅኩት በቤታችን ጉዳይ ነው። አባቴ የሚኖሩት ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ሜዳማ ስለሆነች ሳይክል ለሕፃን ለአዋቂው የሚመች ከተማ ናት። አባቴም ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ 73 ዓመታቸው ነው፤ ገብርኤል የሚሳለሙት፣ ገበያ የሚሄዱት፣ ለቅሶ የሚደርሱት ከ30 ዓመት በላይ በያዙት የቻይና ሳይክል ነበር። ባለፈው ዓመት የቀኝ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው አላቸው። መንቀሳቀስ እንዳያቆሙ፣ ነገር ግን ጉልበታቸውን አጥብቀው እንዳይጫኑት መከራቸው። ሳይክሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ «ባጃጅ ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ። ቀስ በቀስም እሱን ማለት ተዉ፤ ቤት መዋል አመጡ።

ቴክኒክና ሙያ የሚማረው ልጄ «የአባባን ሳይክል ሞተር እንግጠምለት» ሲል፣ እዚያው ሐዋሳ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ ተቆጣች። «በዚህ ዕድሜያቸው? ቢወድቁ የማስታምመው እኔ ነኝ» አለች። እውነቷን ነው። አባቴ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «የታመመው ጉልበቴ ነው፤ መንገዱን አልረሳሁትም።» እህቴ በመጨረሻ በሁለት ነገር ተስማማች። ፍጥነቱ ድሮ ከሚነዱት እንዳይበልጥ፣ ሲይዙትም ቀጥ ብሎ እንዲቆም። የወጪያችንን ቅደም ተከተል የወሰነው ይህ የእሷ ስጋት ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚሉት፣ እዚህም ከሞተሩ ፍሬኑ ይቀድማል።

መጀመሪያ ሳይክሉን መመርመር

አሮጌ የቻይናና የሕንድ ሳይክሎች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ሰውነታቸው ብረት ነው። ብረት ይታጠፋል እንጂ ድንገት አይሰበርም፤ ቢሰነጠቅም ይበየዳል። በተለይ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ብረት መሆኑን ማግኔት አስጠግታችሁ አረጋግጡ። አሉሚኒየም ከሆነ የፊት ሞተር አትግጠሙበት። ብየዳው ላይ ስንጥቅ፣ መሪው ላይ ልቅነት፣ ሹካው ላይ የተጣመመ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። የማይስተካከል ከሆነ እዚያው ላይ ማቆም ነው፤ በተሰነጠቀ ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ፍሬን

የድሮዎቹ ሳይክሎች ፍሬን የሚሳበው በብረት ዘንግ ነው። ጎማው ብልጭልጭ ብረት ስለሆነ በዝናብ ጊዜ ፍሬኑ ይንሸራተታል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው እንደምንም ይበቃ ነበር። ፍጥነቱ ወደ 25 ሲያድግ ግን ፍሬኑ መዋጥ ያለበት ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፍጥነት በትንሹ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በብዙ እንደሚጨምር ልብ በሉ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለፊት ጎማ የሚሸጠው ሞተር ብዙውን ጊዜ ከአዲስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር ተሰናድቶ ነው የሚመጣው። አሉሚኒየም እርጥብ ሆኖም ከብረት ይልቅ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ፊት ላይ በገመድ የሚሳብ አዲስ ፍሬን ይገጠማል፤ ኋላ ያለው የዘንግ ፍሬን ጎማው ተቀይሮለት ይቀጥላል። ለማቆም ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነውና ገንዘቡ እዚያ ይዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገበያ ላይ «28 ቁጥር» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። የአሮጌው ሳይክል ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከሞተር ጋር የሚመጣው በአብዛኛው 622 ነው። የድሮው ጎማ አዲሱ ላይ አይገባም፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ መድረስ አለበት። ለአዲሱ ቸርኬ ጎማና ካላማዳሪ አብራችሁ አስቡ።

ሞተሩ ስንት ዋት?

አንድ ሻጭ 1000 ዋት ሞተር አሳይቶን «ዳገት አያውቅም» አለን። አልገዛነውም። ጤነኛ ሰው ሳይክል ላይ ብዙ ሳይደክም የሚያወጣው ጉልበት ከ75 እስከ 100 ዋት ነው። 250 ዋት ሞተር ማለት ሁለት ሦስት ብርቱ ሰዎች አብረው ፔዳል እንደሚመቱላችሁ ቁጠሩት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ሳይክል የሚቆጠረው 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቋርጥ ነው። ለሐዋሳ፣ ለባሕር ዳር፣ ለአዳማ ሜዳ ይህ ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው ግን ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩ ስለሚግል በፔዳል ማገዝ፣ አንዳንዴም ወርዶ መግፋት እንዳለበት ይወቅ።

ሞተሩ የሚያግዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ ተጠምዝዞ፣ ሌላው ፔዳሉ ሲዞር ራሱ አውቆ። ለአባቴ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። እግራቸው ይዞራል፣ ጉልበታቸው ግን አይጫንም፤ ሐኪሙ የፈለገውም ይህንኑ ነው። ይህ ዓይነቱ ፔዳል ማዞር ካቆማችሁም በኋላ ለቅጽበት መግፋቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ስትይዙት የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ የፍሬን እጀታ የግድ ይኑረው። በሞተሩ ማሳያ ላይም ከፍተኛውን ፍጥነት መገደብ ይቻላል። የእኛን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ላይ አሰርነው፤ ቁጥሩን ያስገባችው እህቴ ናት።

ከሁሉ በላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ አክሰሉ ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል። ቢሸነፍና ቢዞር የሹካውን አፍ ከፍቶ ጎማው ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚከለክለው አክሰሉን ከሹካው ጋር አስሮ የሚይዝ የብረት ክንድ ነው። ከሞተሩ ጋር ካልመጣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብረት ሠሪ ጋ ይቆረጣል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን የሰው ጥርስና አጥንት ነው።

ገንዘቡ የሚሄደው ባትሪው ላይ ነው

ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም፤ የውጭ ምንዛሪው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ጋዜጣው እስኪታተም እንኳ አይጠብቅም። ድርሻውን ግን ልንገራችሁ። እኛ ካወጣነው ግማሽ ያህሉ ለባትሪ፣ ሲሶው ለሞተሩና ለመቆጣጠሪያው፣ ቀሪው ለፍሬን፣ ለጎማና ለሠሪ ሄደ። ወጪውን ሦስት እኅትማማችና ወንድማማች ተካፈልነው።

ያዋጣል ወይ ለሚለው ቀላል ሒሳብ አለ። ሰውየው በወር ለባጃጅ የሚያወጡትን በደብተር ጻፉ፤ በ24 አባዙት። ሥራው ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ይቅር፤ ካነሰ ይሠራ።

ርካሹ አማራጭ ሦስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎችን ማያያዝ ነው። እያንዳንዱ ባለ 12 አምፒር ባትሪ 4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሳይክሉ ላይ 12 ኪሎ ይጨመራል። ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠም ቶሎ ይሞታል። ሊቲየሙ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በደህና ከተያዘ 500 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሞላል። 36 ቮልትና 10 አምፒር የተባለ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሰውየው ፔዳል እያዞሩ ከሆነ ለኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ቢበላ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በቀን 12 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው በሦስት ቀን አንዴ መሙላት ነው፤ በዚህ ስሌት 500 ሙሊት ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። የመብራቱ ወጪ አያሳስባችሁ፤ አንድ ሙሊት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአሥር ደቂቃ ከሚበላው አይበልጥም።

ባትሪ ላይ ግን አትቆጥቡ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈልቅቀው፣ በፕላስተር ተጠቅልለው የሚሸጡትን እለፏቸው። ደህና ባትሪ ውስጡ ከመጠን በላይ እንዳይሞላም እንዳይሟጠጥም የሚጠብቅ ሰሌዳ አለው፤ ሻጩን «አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከነዋስትናው ግዙ። ባትሪውና ሞተሩ መካከልም ፊውዝ ይኑር።

ቤት ውስጥ ስንሞላው

ይህን ክፍል እናቶችና አያቶች እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። የአብዛኛው እሳት ምንጭ የኤሌክትሪክ ሳይክልና የመሳሰሉት ባትሪዎች ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም፤ ሥርዓቱ ቀላል ስለሆነ ነው።

ባትሪው የሚሞላው ሰው ነቅቶ ባለበት በቀን ነው። ቦታው ሲሚንቶ ወለል ይሁን፤ ከምንጣፍ፣ ከአልጋና ከጋዝ ሲሊንደር ይራቅ፤ የቤቱን መውጫ በርም አይዝጋ። የ36 ቮልት ሊቲየም ቻርጀር 42 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የሌላ ባትሪ ቻርጀር አይሰካበት። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲረጋ ስኩት። ከፀሐይ የገባ ባትሪ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሞላ። ያበጠ፣ የሸተተ ወይም ያለ ሥራ የጋለ ከሆነ ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ ዳግም አይሞላ። እኛ ቤት ጠዋት ከቁርስ በኋላ በረንዳ ላይ ነው የሚሞላው።

ለማን አይሆንም?

ሞተር ጉልበት ይሰጣል፤ ሚዛን፣ ዓይንና ጆሮ ግን አይሰጥም። ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ ማየት የተሳናቸው፣ በመድኃኒት ምክንያት ድንገት የሚደክማቸው ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይውጡበት። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት በሜዳ ላይ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ሰው እርዳታ ሳይክሉ ላይ ወጥተው ይውረዱ፤ አንድ እጅ ለቀው ወደ ኋላ ዞር ብለው ይመልከቱ። ይህን ያልቻለ ሰው በሞተርም አይችልም። አባቴ ይህን ፈተና እህቴ ፊት ሦስት ቀን በተከታታይ ካለፉ በኋላ ነው ሞተሩ የተገዛው።

ለልጆችም እንደ መጫወቻ አትስጧቸው። የልጅ ልጅን የኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ዝም ብሎ ማስቀመጥም ይቅር፤ የሕፃን እግር በቸርኬው ሽቦ መሃል ሲገባ የሚያደርሰውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው እግረኛ አይሰማውም፤ ደወል ይኑረው። ሄልሜትና የማታ መብራትም ከወጪው ዝርዝር አይውጡ። የፊት ሞተር አሸዋና ጭቃ ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል እዚያ ሲደርሱ እገዛውን ማጥፋት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል። ለወላጆቻችን ስናስብ ብዙ ጊዜ የምንመርጥላቸው እኛን እንቅልፍ የሚሰጠንን ነው፤ ይቀመጡ፣ ይረፉ፣ አይውጡ እንላለን። ተቀምጦ መዋልም ግን የራሱ አደጋ አለው። ሰው ከዕድሩ፣ ከደጀ ሰላሙ፣ ከወዳጁ ሲቀር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጎዳል፤ አይታይም እንጂ። የሚፈራ ልጅና መውጣት የሚፈልግ አባት ሁለቱም እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል። እናም የፈሪውን ስጋት በወረቀት ጽፋችሁ የሥራው ዝርዝር አድርጉት፤ እያንዳንዱ መልስ ሲያገኝ ሥራው ይቀጥል፣ መልስ ያጣ ካለ ሥራው ይቁም። በእኛ ቤት ያስታረቀን ይኸው ነው።