የሁለት ሰዓት መንገድ

እሑድ ጠዋት ነው። ጳውሎስ፣ ከሆስፒታሉ ማዶ ካሉት ቡና ቤቶች ባንዱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ፉት እላለሁ። የሰፈራችን የብስክሌት ክለብ ልጆች በዊንጌት በኩል ከልምምድ ሲመለሱ ሦስት አራት መኪና ከኋላቸው ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ከጎኔ ከተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች አንደኛው፣ «እነዚህ ደግሞ ታይታቸውን ወጥረው መንገድ ይዘጉብናል» አለ። ሌላኛው ረጋ ያለ ሰው ነው። «ተዋቸው ባክህ፣ ልጆች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን… ይሄ ነገር ምን ያመጣላቸዋል?»

የመጀመሪያውን ሰውዬ ወዲያው ይቅር አልኩት። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

እኔና ይቺ «ምን ያመጣል?» የምትባል ጥያቄ የቆየ ጠብ አለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ቢሮዬ ይመጡና፣ «መምህር፣ አይቀየሙኝና ይሄ ልቦለድ ማንበብ ምን ያመጣለታል?» ይሉኝ ነበር። ያኔ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «አስተሳሰብን ያሰፋል፣ ቋንቋን ያዳብራል» ምናምን እያልኩ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ዛሬ ሳስበው መልስ መስጠቴ ራሱ ስህተት ነበር። ልጁ ማንበብ ይወዳል፤ አለቀ።

ለመሆኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚሁ መንገድ የሠርግ አጀብ ሲያልፍ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቪዲዮ ቀራጩ ከፊተኛዋ መኪና መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ሃያ መኪና በእርምጃ እየተጎተተ፣ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞሮ… «ምን ያመጣል?» የሚል አንድ ሰው አለ? እልል እንላለን እንጂ! ደግ አደረግን፤ እኔም እልል ካሉት አንዱ ነኝ። ግን ለሙሽራ ያለ ደብዳቤ የምንለቀውን መንገድ ላብ ላጠመቃቸው አሥራ አራት ልጆች የምንነፍግበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው አጥቻለሁ።

እኔ ብስክሌተኛ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ በስሙኒ እየተከራየሁ ሜዳ ለሜዳ ከመውደቅ ያለፈ ታሪክ የለኝም። የክለቡን ነገር የማውቀው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ክለብ ስላችሁ ደግሞ ጽሕፈት ቤትና ጸሐፊ ያለው ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዘጠኝ የኮርስ ብስክሌት፣ አሥራ አራት ልጅ። ታዳጊዎቹ ውድድራቸውን ሲጨርሱ ይወርዱና ትልልቆቹ ኮርቻውን ከፍ አድርገው ይወጡበታል፤ ኮርቻው ገና አልበረደም። ካላማዳሪው ከመለጣጠፉ ብዛት የቱ ጎማ የቱ ልጣፍ እንደሆነ አይለይም። አሠልጣኙ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። ለዚህኛው የሚከፍለው የለም፤ እንዲያውም አልፎ አልፎ ከኪሱ ነው።

(እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ ሲያወሩ ስሰማ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ካላማዳሪ… የብስክሌቱ ብልት ሁሉ ጣልያንኛ ነው። የሚሠሩት ሥራ ግን አማርኛ ነው፤ ግልቢያ። ጋዜጦቻችንም «ብስክሌት ጋላቢ» ነው የሚሉት። ፈረሱ ሲቀየር ቃሉ አልተቀየረም። ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወቱ የኖሩት አባቶቻችን ፈረሳቸውን ሸልመው ሲወጡ፣ ወድቀውም ሲሰበሩ፣ «ምን ያመጣልሃል?» ያላቸው ሰው መኖሩን እንጃ።)

ክፍሏ ግድግዳ ላይ የዓመቱ የውድድር ፕሮግራም ተለጥፏል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ ከሌሎች ሰፈሮች ልጆች ጋር ስድስት እሑድ። ከስድስቱ አራቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። አንዱ ስብሰባ ስላለ፣ አንዱ እንግዳ ስለሚመጣ፣ አንዱ ደብዳቤው ላይ ፊርማ እንጂ ማኅተም ስለሌለ። አራተኛውን ባይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ልጆቹ ቁጥራቸውን ጀርባቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፣ ሙዛቸውን በልተው፣ አንድ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ፊሽካ ሲጠብቁ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣና፣ «አይቻልም ተብሏል» አለ። ማን አለ? «ተብሏል።» ከማን? «አልኩ እኮ፣ ተብሏል!» በማስተማር ዘመኔ ሁሉ የአማርኛ ተደራጊ ግሥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው እንደዚያን ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ባለቤት የለው፣ ተጠያቂ የለው፤ አሥራ አራት ብስክሌተኛ ግን ያስቆማል።

የደብዳቤው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ልቦለድ ይወጣዋል። ከዊንጌት ተነስቶ በአስኮ አድርጎ ወደ ቡራዩና ገፈርሳ የሚወጣው የአምቦ መንገድ ለእኛ ሰፈር ልጆች የተሰጠ ሜዳ ነው፤ ሌላ የላቸውም። ችግሩ፣ ከአስኮ አለፍ ሲሉ አዲስ አበባ ያበቃና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ይጀምራል። ብስክሌቱ ይሄን አያውቅም። ስለዚህ ለአንድ ውድድር ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት ማኅተም። አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ የዛኛውን አምጡ» ይላል፤ ያኛው «መጀመሪያ የዚህኛውን አሳዩን» ይላል። አሠልጣኙ በመሀል ይመላለሳል። በብስክሌት።

ውድድር ሲከለከል ልጆቹ ቤታቸው የሚቀመጡ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እዚያው መንገድ ላይ ነው የሚወጡት፤ ልዩነቱ አጃቢ የሌላቸው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ቡራዩ አካባቢ የአንድ አይሱዙ ስፖኪዮ አንዱን ልጅ ትከሻውን መትቶ ቦይ ውስጥ ወረወረው። መኪናው አልቆመም። የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ተኝቶ ልንጠይቀው ስንገባ አስቀድሞ የጠየቀን ስለ ብስክሌቷ ነው። የሱ አይደለችማ! ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ልጅ ተራ ይዞባታል። እናቱ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ። ሊጠይቁ ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «አይ ልጄ፣ መንገድ ላይ ምን አገባህ?» አሉት።

መንገድ ላይ ምን አገባህ! መንገድ ምን እንደሚያመጣ የጳውሎስ ሰው አይነገረውም። የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና የሚሰጠው አቤት ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌ ነው ያለው፤ የአምቡላንስ ጩኸት ለኛ እንደ አውራ ዶሮ ነው። ይህን ሁሉ እያየን «ምን አገባህ?» የምንለው የተመታውን ልጅ ነው እንጂ መትቶ የሄደውን አይደለም። መንገድ የባለ ሞተር ርስት መሆኑን አምነን ተቀብለናል ማለት ነው። በእግሩም በፔዳልም የሚሄደው ጭሰኛ ነው።

«ለመሆኑ ብስክሌት መቼ የኛ ስፖርት ሆነና?» የሚሉኝም ሞልተዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። የላከችው 12 ስፖርተኛ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 4ቱ ብስክሌተኞች ናቸው፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ እና ኃይሉ ፋና። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን። ሩጫውና ብስክሌቱ ኦሊምፒክ በር ላይ የደረሱት አብረው ነበር። አንዱን አስገብተን ከሌላው ላይ በሩን የዘጋነው እኛው ነን።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት። «እሱ እኮ የነሱ ስፖርት ነው።» እነሱ ማለት የትግራይ ልጆች መሆናቸው ነው። እርግጥ ነው፣ መቐለ የብስክሌት ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የመቐለ ልጅ ነው። ታዲያስ? አርሲ ሯጭ አፈራ ብለን ሌሎቻችን መሮጥ ተውን እንዴ? ስፖርትን እንደ ቀበሌ መታወቂያ ማደል ከየት የመጣ ፈሊጥ ነው? ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፤ ሁለት ዓመት ስለ ሰው ነፍስ እንጂ ስለ ብስክሌት የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ፣ ኢየሩ ገብሩ የምትባል የትግራይ ልጅ በሴቶች የጎዳና ውድድር ጋለበች። የጋለበችው በስደተኞች ቡድን ነው። «የነሱ ስፖርት» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ሒሳቤን ከፍዬ እነሳለሁ።

«ከተማችን አቀበት ነው፣ ለብስክሌት አይሆንም» ለሚሉት ደግሞ ኪጋሊን አሳያለሁ። ሩዋንዳን የሺህ ኮረብታዎች አገር የሚሏት እንዲያው ለማሳመር አይደለም። የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ የመጣው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው፤ ያስተናገደችው እሷ ናት። የወንዶቹ ዋና ውድድር በመስቀል ማግስት ተካሄደ፤ 267.5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት በዳገት። ያሸነፈው ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ነው፤ ጨርሰው የገቡት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። አቀበቱ ውድድሩን አላስቀረውም፤ ውድድር ያደረገው እንጂ። ጎረቤታችን ኤርትራም አስመራ አምባ ላይ ናት፤ ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ…

እነሆ! እያየሁት ወጥመዱ ውስጥ ገባሁ። ሜልቦርን፣ ቱር ደ ፍራንስ፣ አረንጓዴ ማሊያ… «ምን ያመጣል?» ላለኝ ሰውዬ ማሊያና ሜዳሊያ እየቆጠርኩ መልስ እየሰጠሁት ነው። እነዚያን አባት «አስተሳሰብ ያሰፋል» እንዳልኳቸው ማለት ነው። ይቅርብኝ። ከአሥራ አራቱ ልጆች አንዱም ቱር ደ ፍራንስን አይጋልብ ይሆናል። የእህቴ ልጅማ ከመጨረሻ ሦስተኛ መግባትን ሥራዬ ብሎ ይዞታል። አንድ ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ ሁሌ መቀደም አይሰለችህም?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከፊት ነው የምጀምረው» አለኝ። «ንፋሱን እኔ እቀበላለሁ፤ ጎበዙ ከኋላዬ ተጠግቶ ጉልበቱን ይቆጥባል። ገፈርሳ ስንደርስ እሱ ይወጣል፣ እኔ አልቄያለሁ።» ይሄን ሲነግረኝ እንደ ሙያተኛ ነው፤ ቅሬታ የሚባል ፊቱ ላይ የለም። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን ሰነፍ አድርጌ ሳስበው ኖሬያለሁ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። «መንገድ መዝጋት አይቻልም» የሚባለው ውሸት ነው። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ ሩጫ መንገድ ሲዘጋ ኖሯል፤ እሰየው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ከተመረጡ ጎዳናዎች መኪና እንዲወጣ ተደርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ግን እዚያ መስመር ላይ ተጠጋግቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መብረር አይቻልም፤ ከሕፃንና ከእግረኛ ጋር መላተም ነው። የተሠራው ለሽርሽርና ለሥራ መሄጃ ነው፤ ለዚያ ሸጋ ነው። ለጋላቢ ግን መስመር ሳይሆን አስፋልቱ ሙሉ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ያለ አይሱዙ ነው የሚያስፈልገው።

ከተቃውሞው ሁሉ የረታኝ አንድ ብቻ ነው። ነርስ ጎረቤት አለችኝ። «ጋሼ፣ አምቡላንስ ሊገባ ሲል መንገድ ተዘግቶ ቢጠብቀውስ?» አለችኝ። ልክ ናት። ከጳውሎስ እስከ ዊንጌት ያለው መንገድ ለውድድር ለአንዲት ደቂቃም አይዘጋ። ልጆቹም ተስማምተዋል፤ መነሻው ከአስኮ ወዲያ እንዲሆን አዲሱ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። የሚጠይቁት እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ሳይመለስ፣ ሠርገኛው ሳይነሳ። በዓመት ስድስት ጊዜ። ደምሩት፣ 12 ሰዓት ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቷል። አንደኛው ተፈርሟል፣ ሁለተኛው ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ከአሠልጣኙ ጋር እኔም እሄዳለሁ፤ ሽበት ያለበት ሰው አብሮ ከገባ ቢያንስ ወንበር ይሰጣሉ ተብያለሁ። (ተብያለሁ! እኔም ለመድኩት።) የልጁ ትከሻ ድኗል። የብስክሌቷም ቸርኬ ተቃንቷል። እሱ ግን ለተራ ሦስተኛ ነው፤ እስኪደርሰው ድረስ ጎሚስታው በር ላይ እግሩን ዘርግቶ የጓደኞቹን ካላማዳሪ ይለጥፋል።